አብረው ለመኖራቸው ማስረጃ

ለአዳማ ከተማ ነዋሪዎች፣ ለአጎራባች ወረዳዎች፣ እንዲሁም ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሁሉ፤ ከማክሰኞ ረፋድ ጀምሮ በአቶ ይትባረክ መኖሪያ ቤት ሁለት የጥርስ ብሩሾች በአንድ ብርጭቆ ውስጥ መኖር መጀመራቸው በታላቅ አክብሮት ይገለጻል። በሥነ ሥርዓቱ ላይ የግቢው ባለቤት እትዬ አሰለፈች ተገኝተው ብሩሾቹን በገዛ እጃቸው ፊት ለፊት ያዞሩ ሲሆን፣ ባደረጉትም አጭር ንግግር «ይኼ የወንዱ ብሩሽ ገና አሁን ከላስቲኩ የወጣ ይመስላል፤ እስቲ ሲሚንቶው ላይ ትንሽ አሸት አሸት አድርገው» ሲሉ የሥራ መመሪያ ሰጥተዋል።

መመሪያው ወዲያው ተፈጸመ። ይትባረክ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ ፀሐይ ማጅራቱን እየጠበሰችው፣ አዲስ ብሩሽ ከሲሚንቶ ጋር አሸ። የገዛ ሚስቱ ባል መሆኑን ለማስመሰል እንዲህ ይለፋል ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም።

ሚስቱ ዋንጂሩ ኬንያዊት ናት። ባቱ አጠገብ ወዳለ አንድ የአበባ እርሻ ተቆጣጣሪ ሆና ከናይቫሻ መጣች። ይትባረክ ያኔ ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም እያስጫነ አዲስ አበባ የሚልክ ደላላ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ረዳቱ መልስ ሲከለክላት ይትባረክ ተጣላላት፤ ከዚያ በኋላ ያለው እንደማንኛውም ሰው ነው። ሥራዋን ትታ አገባችው፤ አዳማ እትዬ አሰለፈች ግቢ ሁለት ክፍል ተከራዩ። ከዚያ ወዲህ ዋንጂሩ እዚህ አገር የምትቀመጠው በአበባ ሳይሆን በባል ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዷ በጋብቻዋ እየታየ ይታደሳል። ዘንድሮ የኢሚግሬሽን ቢሮው ጠንከር ብሏል። የጋብቻ ወረቀት ብቻውን አይበቃም፤ ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር መኖራቸው ይጣራል፤ ሠራተኛ ቤት ድረስ መጥቶ ያያል፤ ጎረቤት ይመሰክራል። ይኼ ካልሆነ ዋንጂሩ በሰኔ መጨረሻ ሻንጣዋን ይዛ አገሯ ትገባለች።

አብሮ ለሚኖር ሰው ይኼ ምን ችግር አለው? ችግሩ፣ ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ ፋሲካ እስኪያልፍ ድረስ ይትባረክ ቤቱ አልነበረም።

የሄደበትን ምክንያት ሰፈሩ በየፊናው ያወራል። አንዱ መቂ ሴት አለችው ይላል፤ ሌላው እናቱ የውጭ አገር ምራት አልወደዱም ይላል። እውነቱ ግን አንድ ዓሣና አንድ ሳቅ ነበር።

ዘንድሮ ጥር ላይ የሽንኩርት ዋጋ ወድቆ ገበሬው ማሳው ላይ ጥሎት ሄደ። ደላላም የሚደልለው አጣ። ይትባረክ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ኳስ ሲያይ፣ ዋንጂሩ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ላፕቶፗን ከፍታ ለአንድ የናይሮቢ አበባ ላኪ ድርጅት ትእዛዝ ትመዘግባለች፤ የቤት ኪራዩን የምትከፍለው እሷ ናት። አንድ ቀንም ቃል ተናግራው አታውቅም። እሱ ግን ዝምታዋንም እንደ ስድብ መስማት ጀምሮ ነበር።

በጥምቀት ዕለት ጓደኛው ፈሪድ በአይሱዙው ጭኖ ቆቃ ወሰዳቸው። ግድቡ ዳር ዓሣ ተጠበሰ፤ ቤተሰቡም ጎረቤቱም ክብ ሠርቶ ተቀመጠ። ፈሪድ ካልቀለደ የበላው የማይፈጭለት ሰው ነው። የዓሣውን ጭንቅላት እየመጠጠ፣

«እኔ እምልህ ይትባረክ፣» አለ፣ «ይኼን መኖሪያ ፈቃድ ማሳደስ ያለባት እሷ ናት ወይስ አንተ? በሰው ቤት በፈቃድ የምትኖረው አንተ መስለኸኝ!»

ሳቁ ግድቡን ሊንደው ምንም አልቀረው። ከሁሉም በላይ የሳቀችው ዋንጂሩ ናት፤ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ጥርሷ እስኪያልቅ። ይትባረክም ሳቀ። ሲስቅ እሾህ ጉሮሮው ላይ ቆመ፤ እትዬ አሰለፈች ባዶ እንጀራ አጎረሱት፤ የዓሣው እሾህ ወረደ፤ ሌላው አልወረደም።

በማግሥቱ ማለዳ «መቂ ሥራ አለኝ» ብሎ ወጣ። ሥራ አልነበረውም። የመጋዘን ጀርባ አንድ ክፍል ለምኖ ገባ። ለሁለት ቀን ነበር ያሰበው፤ ሁለት ቀን ያኮረፈ ሰው ግን በሦስተኛው ቀን ዝም ብሎ ቢመለስ ምን ይባላል? ቢያንስ ሳምንት መሙላት አለበት። ሳምንት የሞላ ሰው ደግሞ ካልለመኑት እንዴት ይመለሳል? እሷ ትደውላለች፤ «ሥራ በዝቷል» ይላል። እሷ ታምናለች፤ ማመኗም ያናድደዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ኩርፊያው ራሱን ችሎ ቤት ሠርቶ ኖረ።

አንድ ቀን፣ ዐቢይ ጾም ሊያዝ ሲል፣ ዋንጂሩ ሳትናገር መቂ ድረስ መጣች። መጋዘኑ በር ላይ ከባጃጅ ስትወርድ አያት። በጨርቅ የታሰረ ሳህን ይዛለች። ይትባረክ ለጥበቃው «ባቱ ሄዷል በላት» ብሎ ከተቆለለው ባዶ ከረጢት ኋላ ገባ። ጥበቃው እንደተባለው አለ። ዋንጂሩ «እሺ» አለች፣ ሳህኑን ለጥበቃው ሰጠች፣ ዙሪያውን ትንሽ አየች፣ ሄደች። ምግቡ ያ ሰፈሩ ሁሉ የኬንያ ገንፎ የሚለው ነጭ ነገር ነበር፤ ከጎኑ ጎመን። ይትባረክ ከረጢት ላይ ተቀምጦ ሙልጭ አድርጎ በላው። ተከትሏት ቢሮጥ መናኸሪያው ሳትደርስ ያገኛት ነበር። አልሮጠም። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሁሉ የሚያስበው ይኼን ነው፤ ሳህኑ ገና ትኩስ እንደነበር።

በመጨረሻ ሽማግሌ መጣ። መሪው ጎረቤታቸው ኦቦ ኦሊቃ ናቸው፤ በድሮው ባቡር ትኬት ሲቆርጡ የኖሩ፣ ባቡሩ ቆሞ እሳቸው ግን ያልቆሙ ሰው። ፈሪድን በገዛ መኪናው አስነድተው፣ እትዬ አሰለፈችን ጋቢና አስቀምጠው መቂ ወረዱ።

«አካም ጂርታ፣ አኩራፊው!» አሉት ገና ከበሩ። «ተነስ ጫማህን አድርግ።»

«ኦቦ ኦሊቃ፣ እርስዎ ነገሩን አያውቁትም…»

«አላውቀውም፤ ማወቅም አልፈልግም። እኔ ሳስታርቅ ምክንያት አልጠይቅም። ከጠየቅሁ መፍረድ ሊኖርብኝ ነው፤ ከፈረድኩ አንዳችሁ ትቀየሙኛላችሁ። ስንት ባልና ሚስት በዚህ መንገድ አስታርቄያለሁ መሰለህ! ተነስ።»

በዚህ ዓይነት ይትባረክ ምክንያቱ ሳይጠየቅ እንደ ሽንኩርት ተጭኖ አዳማ ገባ። ዋንጂሩ በር ላይ ቆማ ነበር። ሳማት ተባለ፣ ሳማት። ይቅር ተባባሉ ተባለ፣ ተባባሉ። በግ ታረደ። ፈሪድ ቀለደ። ምን እንደተፈጠረ ግን ማንም ለማንም አልተናገረም፤ ኦቦ ኦሊቃ አንድ ጊዜ ያለፈው አለፈ ካሉ አለፈ ነው።

እንግዲህ የጥርስ ብሩሹ ጉዳይ የመጣው ይኼ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

ከብሩሹ በኋላ ጥናት ቀጠለ። ፈሪድ አዲስ አበባ ያለች የአክስቱን ልጅ ምሳሌ አድርጎ «ባልና ሚስቱን ለያይተው ነው የሚጠይቋቸው» ስላለ፣ እትዬ አሰለፈች መነጽራቸውን አድርገው ሶፋው ላይ እንደ ዳኛ ተሰየሙ።

«ሚስት! የባልሽ የጫማ ቁጥር?»

«አርባ ሁለት፣» አለች ዋንጂሩ። «ግራው ግን ይጠበዋል። አዲስ ሲገዛ መጀመሪያ እኔ በካልሲ አደርግለታለሁ፣ እንዲሰፋ።»

«ጎሽ! ሲተኛ በየት በኩል ነው?»

«በግድግዳው። ሐሳብ ሲይዘው ግን ወደ በሩ ይመጣል።»

«ወይ ጉድ፣ ይቺ ልጅ ሰላይ ናት!» እትዬ አሰለፈች ወደ ይትባረክ ዞሩ። «ባል! ሚስትህ ሻይ ስትጠጣ በስንት ስኳር ነው?»

ይኼ ቀላል ነው። ወተቱን ከሻይ ቅጠሉ ጋር አንድ ላይ አፍልታ፣ ስኳሩን እስኪወፍር ነው የምትጨምረው። «በሦስት!» አለ በኩራት።

ዋንጂሩ ወደ መሬት አየች። «ስኳር ትቻለሁ፣» አለች። «የካቲት ላይ ነው የተውኩት። ግን ሦስት እላለሁ። ግድ የለም።»

እትዬ አሰለፈች አጠገባቸው ያለውን መሐረብ አነሱ፣ ፊታቸውን ጠረጉ፣ መልሰው አስቀመጡት። «ሦስት ነው። ተስማምታችኋል።»

«እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ፣» አለች ዋንጂሩ። አማርኛዋ ባቱ ላይ ከአበባ ለቃሚ ሴቶች የለመደችው ነው፤ ቀስ ብላ፣ ቃሉን እየመረጠች ነው የምታወራው። «ቆቃ የሄድን ቀን ፈሪድ ምን ነበር ያለው? ዓሣ ስንበላ። ሁላችሁም ሳቃችሁ። እሱ ቶሎ ቶሎ ነው የሚያወራው፤ አልገባኝም። ሁሉም ሲስቅ ብቻዬን ዝም ብል ደስ አይልም ብዬ እኔም ሳቅሁ። ጠዋት ልጠይቅህ ብዬ ስነሳ አንተ የለህም።»

ይትባረክ ሁለመናው ቀዘቀዘ። አዳማ በግንቦት ሰው አይቀዘቅዝበትም፤ እሱ ግን ቀዘቀዘ። ከጥምቀት እስከ ፋሲካ ሲያኝከው የከረመው ሳቅ፣ መጋዘን ያሳደረው፣ ከከረጢት ኋላ ያስደበቀው፣ ለካ ባዶ ኖሯል። ሚስቱ በእሱ አልሳቀችም። ሰው መሐል ብቻዋን እንዳትታይ ብላ ነው የሳቀችው።

ሊናገር የሚችልበት ጊዜ ቢኖር ያ ነበር። ሶፋ ላይ፣ በራሳቸው ቤት፣ ሞኝነቱን አውጥቶ ዘርግፎ ቢያሳያት፣ ምናልባት ትቆጣ ነበር፤ ምናልባትም እንደገና ትስቅ ነበር፤ በዚያኛው ሳቅ ግን እሱም አብሮ ይስቅ ነበር።

«አላስታውስም፣» አለ።

«ይኼ ጥያቄ አይመጣም፤ እለፉት!» አሉ እትዬ አሰለፈች።

አለፉት። ነገ እነግራታለሁ አለ በልቡ። በማግሥቱ ረቡዕ ነበር፤ የቢሮው ሴት መጣች።

ስሟ ጋዲሴ ነው። ወጣት ናት፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል፤ ጃንጥላ ይዛለች። የጥርስ ብሩሹን ዞር ብላም አላየችው። ግድግዳው ላይ በትልቁ ታትሞ የተሰቀለውን የሠርግ ፎቶ አለፈችው። ቁም ሣጥኑን ከፍታ፣

«ሽንኩርት ይሸታል፣» አለች።

«ሥራው ነው፣» አሉ እትዬ አሰለፈች ቀድመው። «ልብሱን ብናጥበው ብናጥበው፣ ምን ታደርጊዋለሽ ልጄ!»

ጋዲሴ ፈገግ አለች። ከዋንጂሩ ጋር በእንግሊዝኛ ጥቂት አወራች፤ የቀረበላትን ወተት የበዛበት ሻይ ጠጣች፤ «ቤቱ ጥሩ ነው። ነገ ሐሙስ ከሁለት ምስክር ጋር ኑና እንጨርሳለን» ብላ ሄደች። ግቢው ሊጨፍር ደረሰ። ፈሪድ ከመኪናው ላይ ጥሩንባ ነፋ። ይትባረክ በዚያ ደስታ መሐል ቆቃን ማንሳት ከበደው። ከሐሙስ በኋላ አለ።

ሐሙስ ጠዋት አራቱ ቢሮው ገቡ። ባልና ሚስት አንድ አግዳሚ ላይ፣ እጇ በእጁ ላይ፣ ኦቦ ኦሊቃና እትዬ አሰለፈች ፊት ለፊታቸው። በሩ ክፍት ነው፤ ኮሪደሩ ተራ በሚጠብቅ ሰው ሞልቷል። ለኦቦ ኦሊቃ መንገድ ላይ ምክር ተሰጥቷቸዋል፤ «አብረው ይኖራሉ ይበሉና ዝም ይበሉ።» እሳቸውም እንደተባሉት፣

«አብረው ይኖራሉ፣» አሉ። ዝምም አሉ።

ጋዲሴ ጻፈች። «በምን ያውቃሉ፣ ኦቦ?»

ይኼ ያልታሰበ ጥያቄ ነው። ኦቦ ኦሊቃ ቅር አላቸው። ዕድሜ ልካቸውን የተናገሩት ሲታመን የኖሩ ሰው ናቸው። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«በምን ያውቃሉ ትዪኛለሽ፣ ልጄ? እኔ ራሴ አይደለሁ እንዴ ያስታረቅኳቸው!»

እትዬ አሰለፈች ክንዳቸውን ቆነጠጡ። አልሰሙም፤ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የት ይገኛል?

«መቂ ድረስ ሄጄ፣ ከመጋዘን አውጥቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከጥምቀት ጀምሮ አኩርፎ! ባሏ ባይሆን ምን ያስኮርፈዋል? ሰው የማያውቃትን ሴት ያኮርፋል? በግ የታረደው በእኔ እጅ ነው። ይኼን የመሰለ ጋብቻ አዳማ ውስጥ ከየት ታመጫለሽ!»

ጋዲሴ እስክሪብቶዋን አነሳች። «ከጥምቀት እስከ መቼ?»

«እስከ ፋሲካ… ፋሲካ አልፎ ነው።»

«ተለያይተው ነበር ማለት ነው።»

«አልተለያዩም አልኩሽ እኮ! አኩርፎ ነው። መለያየት ሌላ፣ ማኩረፍ ሌላ። ያኮረፈ ሰው ቤት አለው፤ የሚያኮርፈው ቤት ስላለው አይደል?»

ኮሪደር ላይ አንድ ሰው «እውነታቸውን ነው» አለ። ጋዲሴ ተነስታ በሩን ገፋ አደረገችው፤ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ተመልሳ ስትቀመጥ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ክፋት አልነበረባትም።

«ኦቦ፣ እኔ የማጣራው አብረው መኖራቸውን ነው፤ አሁን ደግሞ እንዳልኖሩ ሰማሁ። ሰምቼ እንዳልሰማ መሆን አልችልም። ግን በቂ ምክንያት ያለው መራራቅ ይታያል። ሥራ ከሆነ ሥራ፤ ሕመም ከሆነ ሕመም፤ ጠብ ከሆነም ምን እንደነበርና ማለቁን ባልየው ራሱ ይንገረኝና እጽፈዋለሁ፤ ፈቃዱ ይታደሳል። ምክንያት ከሌለው ግን እኔም የምለው የለኝም።»

«ሥራ ነው!» አሉ እትዬ አሰለፈች።

«እሳቸው ይናገሩ፣ እማማ።»

ሁሉም ይትባረክን አዩት። ኦቦ ኦሊቃ ያደረጉት አሁን ገና እየገባቸው፣ ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ ያዞራሉ። ሥራ ማለት ቀላል ነው። ስንት ጊዜ በስልክ ብሎታል። አፉን ከፈተ።

«ሥራ አትበል፣» አለች ዋንጂሩ።

እጇን ከእጁ ላይ አላነሳችም። ወደ ጋዲሴ እንጂ ወደ እሱ አላየችም።

«መቂ ሄጄ ነበር። ሽንኩርት አልነበረም፤ ባዶ ከረጢት ብቻ። ከከረጢቱ ሥር ጫማው ይታያል። የእሱን ጫማ አውቀዋለሁ። ጥበቃው ባቱ ሄዷል አለኝ፤ እሺ አልኩ።» ቃል ፈለገች፤ አገኘች። «ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ምን ሆነህ ነው ብለው ይጠይቁልኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጠየቁም። አንቺ ጠየቅሽ። ፈቃዱን እፈልጋለሁ። ግን መጀመሪያ እኔም መስማት እፈልጋለሁ።»



አይታዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታውቃለች፤ አውቃም በር ላይ ቆማ ተቀብላዋለች፤ ሳሚው ስትባል ጉንጯን ሰጥታለች፤ ብሩሹን ከብሩሿ ጎን አስቀምጣለች። ይትባረክ ዓረፍተ ነገሩን በልቡ ሠራው። ረጅም አይደለም። «ፈሪድ ቀለደብኝ፤ አንቺ ስትስቂ በእኔ የሳቅሽ መሰለኝ።» ይኼው ነው። ይኼን ብሎ ፈቃዱ ሊታደስ ነው፤ ዋንጂሩ ልትቀር ነው። ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ እንኳ ቢላት በቂ ነበር።

ምክንያቱ ትልቅ ቢሆን ኖሮ ይናገረው ነበር። ሴት ቢይዝ፣ ቢሰርቅ፣ ቢታመም፣ ሰው ያደርገዋልና አውጥቶ ይለው ነበር። ይኼ ግን ትንሽ ነው፤ በጣም ትንሽ። ይቺ ሴት በሚኒባስ ተሳፍራ፣ ትኩስ ሳህን ታቅፋ የመጣችበትን መንገድ የሚያክል አይደለም። እሷ ፊት ቢያስቀምጠው የሚታየው ነገሩ ሳይሆን የእሱ ማነስ ነው። ኦቦ ኦሊቃ ፊት ለፊቱ ናቸው። እትዬ አሰለፈችም አጠገባቸው። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ኮሪደሩ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል።

«አቶ ይትባረክ፣» አለች ጋዲሴ፣ «ለምን ሄዱ?»

«አልናገርም።»

«እንደዚሁ ብዬ ነው የምጽፈው። ምን ማለት እንደሆነ ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል። ይጻፉት።»

«አንተ ልጅ!» አሉ እትዬ አሰለፈች። «ስለ ማርያም፣ አንድ ነገር በል!»

ዋንጂሩ ዞራ ዓይን ዓይኑን አየችው። እጇን ከእጁ ላይ ቀስ ብላ አነሳች።

«ለእኔስ?» አለች።

«ላንቺም አልናገርም።»